የሰሌዳው አምፖል

በፓናይ ደሴት፣ ወደቡ ዳር ባለው ቤት፣
መጀመሪያ ስኳር ነበር ያደረበት፤
ጆንያ በጆንያ ላይ፣ ጉንዳን የሚያብድበት።
መርከቡ ሲቀር ግን፣ ንግዱ ሲቀዘቅዝ፣
«ባዶውን ከሚበሰብስ» አሉ ከንቲባው፣ «ኳስ ይያዝ።»
ግድግዳው ተቀባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆነ፣
ወለሉ ተላገ፣ በሰም ተሸፈነ።
ዛሬም በሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣
ከጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ሽቅብ እየተፈታ
ስኳር ስኳር ይላል፤
ተጫዋች ሲወድቅ ክንዱን ይልሰዋል።

አባቴ ሬስቲቱቶ ከሰሌዳው ኋላ፣
በእንጨት መሰላል ላይ፣ ምሳውን እየበላ
የሰው ልጅ ሲጋጠም አርባ ዓመት ቆጠረ።
ቁልፍ ይጫናል፤ አምፖል ይበራል፤ ይኸው ነበረ
ሥራው።
በግራ «ባለሜዳ»፣ በቀኝ በኩል «እንግዳ»፤
ማንም ቢያሸንፍ እሱ አይጠቀም፣ አይጎዳ።

ከእንግዳው ወገን ግን የላይኛው አምፖል ተቃጥሎ፣
ሰባት ሲጻፍ አንድ ይሆናል፣ አናቱን ጥሎ።
በዚህች አምፖል ሰበብ ስንት ጠብ ተነሳ!
አሰልጣኝ ኤልፒዲዮ ጫማውን አነሳ፣
ወደ ሰሌዳው ወረወረ፤ አባቴን ሳተው፤
አባቴም ወርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ መለሰው።
«ነገ እቀይራለሁ፤ አምፖሏ አልታጣችም።»
ነገ የምትባል ቀን መሰላል አትወጣም።

ያ አዳራሽ ያላየው ምን አለ በከተማ?
ቅዳሜ ማታ ቡጢ፣ እሑድ ጠዋት ዜማ፤
የአውራ ዶሮ ፍልሚያ፤ ላባው ሳይጠረግ ገና
ነጭ የለበሱ ተመራቂዎች ይገቡና
ከአንዷ ቆብ ላይ ቀይ ላባ ሽው ብሎ ያርፋል፤
ፎቶው ዛሬም አለ፤ ላባው ከዲፕሎማው ያምራል።
ፍሎርዴሊሳ እዚሁ የቁንጅና ዘውድ ደፋች፤
ካርቶን ነበር፤ ላብ ሲነካው ላሸቀ፣ እሷ ግን አላወለቀች።

ከዚያ ያ ታኅሣሥ መጣ።
ባሕሩ እንደ ሰከረ ሰው ከቤቱ ወጣ፣
መንገዱን አጥቶ የሰዉን ሁሉ በር ነካ።
ከአውሎ ነፋስ የሸሸ እዚህ ገባ፤ ለካ
ለኳስ የተሠመረ መስመር ቤት ይሆናል፤
የመሀሉ ክብ ለአራስና ለአሮጊት ይለያል፤
የቅጣት ክልሉ ለፓላብሪካ ቤተሰብ፤
እግሩን ከመስመር ያሳለፈ ግን ይጠንቀቅ፣ ያስብ፤
«ወጣህ!» ይሉታል ሕፃናት፣ በዳኛ ፉጨት።
ትንሽ ተሳቀ በዚያ ሌሊት።

ማን ዳነ? ማን ቀረ? ጩኸቱ ሲበረክት
አባቴ መሰላሉን ወጣ፤ በጄነሬተር መብራት
ሰሌዳው ተለኮሰ።
በግራ፣ በበሩ የገባ፤ በቀኝ፣ ስሙ ተጠርቶ ያልደረሰ።
ግራው ዘጠና ዘጠኝ ሞልቶ ሌላ ቁጥር አጣ፤
ቀኙ ግን ይወርድ ጀመር፣ አንድ ሰው በመጣ
ቁጥር። ሠላሳ አንድ። ሃያ አራት። አሥራ አራት።
አሥራ አንድ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ፣ ራሷ የጠፋ ስምንት።
ሰዉ በተቀመጠበት፣ እርጥብ እንደ ለበሰ፣ አሸለበ።
ዝናቡ ብቻ ነበር ጣሪያው ላይ ያጨበጨበ።

ጎህ ሲቀድ ዓይን ተገለጠ፤ ሰሌዳው አንድ ይላል።
«አንድ ብቻ!» የሚል ድምፅ ከጥግ ጥግ ይዘላል፤
ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ወለሉን ሳሙ፤
የኤልፒዲዮን ጫማ ረሱ፣ አምፖሏንም።
ሰባት ቤት ግን፣ በሰባት ጥግ፣
«አንዱ የኛ ነው» ብሎ፣ የሰው ደስታ እንዳያደፈርስ፣
አንገቱን ደፋ፤ ለብቻው፤ ጎረቤቱን ሳያይ።

አባቴ መሰላሉ ላይ ነበር። ያውቃል።
እጁን ከቁልፉ ላይ አንስቶ ይመልሳል።
እኔ ከሥር ሆኜ፣ መሰላሉን ይዤ፣
የእግሩን መንቀጥቀጥ በእንጨቱ ተቀበልኩ፣ ፈዝዤ።

አሁን ያለው ሰሌዳ ዲጂታል ነው፣ ከውጭ የመጣ፤
ሰባት ሲል ሰባት ነው፤ ራስ የማያጣ።
ማታ የሴቶች ጨዋታ አለ፤ ወለሉን መወልወል አለብኝ።
አምፖሏ፣ አዲሷ፣ ከነካርቶኗ አባቴ መሳቢያ ውስጥ ናት።
አንዳንዴ አወጣትና ጆሮዬ ሥር አነቃንቃታለሁ፤
ክሯ አልተበጠሰም።
ትሠራለች።